የጎደሉት አሥራ ስድስት ገጾች

አባዬ መጽሐፍ ያከራይ ነበር፤ እኔ እጠርዝ ነበር። ሱቃችን በልብስ ሰፊውና በፎቶ ቤቱ መሀል የተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ የሚጠብቅባት ክፍል ነበረች። ከፊት መደርደሪያዎቹ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ የእኔ ጠረጴዛ፤ ከነኮላው፣ ከነወስፌው፣ ከነክሩና ለአንድ ሰው አልነሳ ከሚለው የእንጨት መጭመቂያ ጋር። ሰው መጽሐፍ ለሦስት ቀን ተከራይቶ ያነብ እንደነበር ለእህቴ ልጆች ሳወራቸው ይስቁብኛል። ይሳቁ። ነገ መመለስ ያለበትን መጽሐፍ ምሳ ላይ አንድ ጉርሻ፣ አንድ ገጽ እያሉ መጨረስ ምን እንደሚመስል አያውቁም። የቀረባቸው ብዙ ነው።

የሱቃችን ወጉ ሌላ ነበር። አባዬ በእያንዳንዱ መጽሐፍ ጀርባ የተሰመረ ወረቀት ያስለጥፈኛል፤ ከላይ በራሱ እጅ «የአንባቢ ቃል» ብሎ ይጽፍበታል። መጽሐፍ የመለሰ ሰው አንድም ቢሆን መስመር ሳይጽፍ ሌላ አይወስድም። ስም አይጻፍም፤ ሥራ ብቻ። ነርስ፣ ሾፌር፣ ጡረተኛ መምህር። ክልክሉ አንድ ነው፤ መጨረሻውን መናገር። በወረቀቱም ሆነ በቃል፣ በሱቁ ውስጥም ሆነ ደጅ፣ ወንጀለኛው ማን እንደሆነ ትንፍሽ ያለ ሰው አለቀለት። በሩ ላይ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚል ካርቶን ተሰቅሏል። የጥፋተኛው ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ይደለዛል፤ እሱም ለአንድ ወር ሙሉ «የዶሮ እርባታ መመሪያ» ከሚባለው መጽሐፍ በስተቀር ምንም አይሰጠውም። ፎቶ አንሺው ሁለት ጊዜ ተቀጥቶ በመጨረሻ እውነትም ዶሮ ማርባት ጀምሮ ነበር።

እንግዲህ በዚያ ዘመን «አመዱ የት አለ» የሚባል ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ መጣ። የጨርቅ መጋዘን ይቃጠላል። በማግስቱ አንድ መርማሪ መጥቶ አመዱን በዱላ እየቆሰቆሰ፣ ሰዉን አንድ በአንድ እየጠየቀ ሦስት መቶ ገጽ ያስኬደናል። የሁሉም ጣት የሚቀሰረው እዚያ ባደረውና እጁ በተቃጠለው ዘበኛ ላይ ነው። መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ አርፎ አያውቅም ነበር፤ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ነው የሚሻገረው።

ከታሪኩ ይልቅ እኔን ያስቀኝ የነበረው ጀርባው ላይ ያለው ወረቀት ነው። ነርሷ «ተረኛ ሆኜ ጀመርኩት። በሽተኛው ሲጠራኝ ‹አንድ ገጽ ቆይ› ልለው ምንም አልቀረኝም። ሥራ ያለው ሰው አይከራየው» ብላ ጻፈች። ፀጉር ሠሪዋ «መርማሪው ሚስት አለችው ወይስ የለችውም? ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ይህን የሚነግረኝ አጣሁ» አለች። እሳት አጥፊው ደግሞ በጣም ተቆጥቶ፣ «እሳት ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ያየሁት በዚህ መጽሐፍ ብቻ ነው። ደራሲው ክብሪት ለኩሶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ቢሆንም ሁለት ጊዜ አነበብኩት» አለ። ከሥሩ ጡረተኛው መምህር በቀጭን ጽሕፈቱ «እሳት አጥፊው ከእሳቱ ይልቅ ሰዎቹን ቢያይ ይሻለው ነበር» ብሎ ነካው። እሳት አጥፊው ይህን ለማየት ብቻ ተመልሶ መጥቶ «መምህሩ ቤቱ ሲቃጠል ሰዎቹን እያየ ይቆይ» ሲል መለሰ። አባዬ እነዚህን ሲያነብ መነጽሩ እስኪወርድ ይስቅ ነበር። ያ ሳቁ ዛሬም በጣም ይናፍቀኛል።

እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ ሲል መጽሐፉ ወገቡ ተቆረጠ። አንድ ቅዳሜ ገነጣጥዬ እንደገና ልሰፋው ተቀመጥኩ። መጽሐፍ አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ገጽ በያዙ እጥፎች ነው የሚሰፋው። የመጨረሻው እጥፍ ሻይ ፈሶበት ተጣሞ ስለነበር እስኪቃና ብዬ ከመጭመቂያው እግር ሥር ሻጥ አደረግኩት። ከመጋረጃው ወዲያ ተራ የሚጠብቁት ሦስት ሰዎች «አልደረሰም?» እያሉ ያዋክቡኛል። የቀረውን ሰፋሁ፣ ኮላ ቀባሁ፣ የአንባቢ ቃል የሚጻፍበትን ወረቀት ከኋላ ለጠፍኩና «ይኸው፣ ውሰዱልኝ» አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ማፍሰሴን እንኳ አላወቅኩም።

ክፉ አጋጣሚ ሆኖ፣ ከጎደለው እጥፍ በፊት ያለው ገጽ ከግርጌው በአራት ነጥብ ነበር ያለቀው። «ዘበኛው ሁለት እጆቹን ዘረጋ። ካቴናው ተቆለፈ።» ከዚያ በኋላ የእኔ ወረቀት ነው ያለው። ማንም ቢያነበው አለቀ ይላል።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ የአንባቢው ቃል ጠባዩን ለወጠ። ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይቀላል፤ ያኔ ግን አልነቃሁም። የባንክ ሠራተኛው «ደፋር አጨራረስ። እንዲህ ያለ ደራሲ ሳይገኝ ቆይቶ ነበር» አለ። የሆቴል ወጥ ቤቷ «አልገባኝም ለማለት አፍሬ ነው እንጂ አልገባኝም» አለች። ሾፌሩ «ጥሩ ነው። ግን አለቀ?» ብሎ ጻፈ፤ መጽሐፉን ወዶት እንዳያልቅበት ሰስቶ መስሎኝ ለአባዬ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው «መጨረሻው አንጀቴን በላው። ዘበኛው» ብሎ ሁለት መስመር ሙሉ ሲጽፍ፣ አባዬ ዘበኛ የሚለውን ቃል ገና ሲያይ ቀለሙን አንስቶ ደለዘው። «ይሄ ሰውዬ መናገሩ ሳያንስ የተናገረው ስህተት ነው» እያለ ያጉረመርም ነበር። እኔና አባዬ መጽሐፉን ያነበብነው ከመገነጣጠሉ በፊት ነው። መጨረሻው ላይ ዘበኛው ንጹሕ እንደሆነ እናውቃለን። ሌላው ሰው ደግሞ ደንብ አክብሮ አፉን ይዟል። ሁሉም ያልገባው እሱ ብቻ እየመሰለው ዝም አለ።

አሁን ስለ ጋሽ ቁልፉ ልናገር። ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም ነው። በወጣትነታቸው የአንድ ፋብሪካ የጥጥ መጋዘን ዘበኛ ሆነው የሁሉንም በር ቁልፍ ይይዙ ነበርና። መጋዘኑ ሲቃጠል ተይዘው ሰባት ወር ታሰሩ። ከዚያ ማስረጃ አልተገኘም ተብሎ ተፈቱ። ማስረጃ አልተገኘም ማለት ንጹሕ ነህ ማለት አይደለም፤ ሰፈሩ ይህችን ልዩነት አሳምሮ ያውቃታል። እሳት በሌለበት ጭስ የለም እያለ ሰላምታውን አቀዘቀዘባቸው። እኔ ሳውቃቸው ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ከማንም ሳይነጋገሩ የጉዞ ታሪክ ብቻ እየተከራዩ የሚያነቡ ሽማግሌ ነበሩ። ወንበር ስቦ የሚያጫውታቸው አባዬ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት አባዬ ገና የተመለሰውን ያንን መጽሐፍ አንስቶ እጃቸው ላይ አስቀመጠ።

«ጋሽ ቁልፉ፣ እስኪ ደግሞ ይሄንን ይሞክሩት።»

«ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ እሳት ነው።»

ጋሽ ቁልፉ መጽሐፉን መልሰው ባንኮኒው ላይ አኖሩት። «ስለ እሳት የማውቀው ይበቃኛል» አሉ።

«መጨረሻውን አያውቁትም» አለ አባዬ። በዕድሜው ሙሉ ደንቡን ለማፍረስ የተጠጋው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ደንቤ ሆኖ አልናገርም እንጂ... ለእኔ ሲሉ እስከ መጨረሻው ያንብቡት።»

ወሰዱት። አባዬ ሦስቱን ቀን እንደ ሠርገኛ ቆጠራቸው። እንደሚመለሱ፣ ዘበኛው ነፃ የወጣበትን ምዕራፍ አንብበው አንድ ነገር ቀለል እንደሚላቸው እርግጠኛ ነበር። በሦስተኛው ቀን መጡ። መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ባንኮኒው ላይ አኖሩ። አባዬ ፈገግ ብሎ ብዕሩን ገፋላቸው።

«የምጽፈው የለኝም» አሉ።

«እስከ መጨረሻው አነበቡት?»

«እስከ መጨረሻው። ምን ልትለኝ እንደፈለግህም ገብቶኛል።»

ወጥተው ሄዱ። አባዬ ልባቸው ተነክቶ ነው ብሎ መጀመሪያ ደስ አለው። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ አልተመለሱም። መንገድ ላይ ሲያዩት ወደ ማዶ ይሻገሩ ጀመር። አንድ ቀን ሮጦ ደርሶባቸው ሰላም ቢላቸው ባርኔጣቸውን ብድግ አድርገው አለፉት። አባዬ የሰው ፊት ሲጠቁርበት የማይችል ሰው ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ ሊያርፍ አልጋ ላይ በወደቀበት ወቅት እንኳ፣ «ግን እኚያን ሰውዬ ምን በደልኳቸው?» ይለኝ ነበር። እኔም «ተዋቸው አባዬ፣ የሽማግሌ ኩርፊያ ነው» እያልኩ ትራሱን አስተካክልለታለሁ። በዳይዋ እኔ ነኝ፤ ደግሞ አጽናኝ ሆኜ ተቀምጫለሁ።

ሱቁን ብቻዬን አሥራ አንድ ዓመት ገፋሁት። አንባቢው እየሳሳ ሄደ፣ በመጨረሻም ሕንፃው ሊፈርስ ነው ልቀቂ ተባልኩ። መጽሐፎቹን በካርቶን አደረግኩ። መጭመቂያውን ግን ለብቻዬ የማልነቀንቀው ስለሆነ ሁለት ተሸካሚዎች ጠራሁ። እህ ብለው ከጠረጴዛው ላይ ሲያነሱት ከእግሩ ሥር ወረቀት ተገኘ። ተጠፍጥፎ የቆየ፣ ጠርዙ ላይ የሻይ ቀለም ያለበት፣ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቃና የእኔ እጥፍ።

አንዱ ተሸካሚ «ይጣል?» አለኝ። ካርቶኑን በርግጄ «አመዱ የት አለ»ን አወጣሁና መሬት ላይ ተቀምጬ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። ካቴናው ተቆለፈ። ከዚያ ቀጥሎ የሰዎቹ ቃል። አልገባኝም ያለችው ወጥ ቤት፣ አለቀ ወይ ያለው ሾፌር፣ በጥቁር የተደለዘው ልብስ ሰፊ። ሁሉም ሲነግሩኝ ነበር። ከዚያ ጋሽ ቁልፉ ትዝ አሉኝ።

ልብስ ሰፊው አሁን ክር በመርፌ የሚያስገባለት የልጅ ልጁ ነው እንጂ እሱ በአካል አለ። ሄጄ ወረቀቱን አሳየሁትና፣ «ጋሼ፣ ታዲያ ጮክ ብለው ለምን አልነገሩንም?» አልኩት።

«ደንቡስ?» አለኝ በመገረም። «እኔ ደግሞ እንደ ፎቶ አንሺው ሁለተኛ ጊዜ የዶሮ እርባታ ላንብብ?»

ጋሽ ቁልፉ በሕይወት እንዳሉ፣ ዓይናቸው ግን ከብርሃንና ከጥላ በቀር እንደማይለይ የነገረኝ እሱ ነው። ቤታቸውንም አሳየኝ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ በእኔ ዕድሜ ያለች ልጃቸው ናት፤ ልብስ እየተኮሰች ነበርና ካውያውን እንደያዘች ነው የመጣችው። ሽማግሌው መስኮት ሥር ብርድ ልብስ እግራቸው ላይ ጥለው ተቀምጠዋል። ኮታቸው አሁንም እስከ አንገታቸው ተቆልፏል።

«የመጽሐፍ አከራዩ ልጅ ነኝ» አልኩ።

«አባትሽ ደህና ነው?» አሉ።

«አረፈ። አሥራ አንድ ዓመቱ።»

«ነፍሱን ይማር» አሉ፤ ከአንገት በላይ አልነበረም። ይኸው ነው ያፈረሰኝ። እንዴት እንደምጀምር መንገድ ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝና እንደ መጣልኝ ዘረገፍኩት። ቅዳሜውን፣ ሻዩን፣ መጭመቂያውን፣ የቸኮልኩትን ነገርኳቸው። የሰጠናቸው መጽሐፍ መጨረሻ እንዳልነበረው፣ አባዬም ይህን ሳያውቅ እንደ ሞተ ነገርኳቸው። ልጃቸው ወደ ጓዳ ተመልሳ መተኮሷን ቀጥላለች፤ የካውያው ድምፅ ይሰማኛል።

ጋሽ ቁልፉ አገጫቸውን ደገፍ አደረጉ።

«እስከ መጨረሻው ያንብቡት ሲለኝ» አሉ፣ «ያቃጠልከው አንተ ነህ፣ መጨረሻህም ይሄ ነው ማለቱ መሰለኝ። በአፉ መናገር ከብዶት በመጽሐፍ የነገረኝ መሰለኝ። እሱ አንድ ሰው ነበር የቀረኝ።»

አለቀስኩ። ሰው ቤት ሄጄ ማልቀስ የማልወደውን ያህል አለቀስኩ።

«ተይ በይ» አሉኝ። «ይዘሽዋል ወረቀቱን?»

«ይዤዋለሁ። ዘበኛው ንጹሕ መሆኑን ነው የሚናገረው፤ እንዲያው በአጭሩ ልነግርዎት እችላለሁ...»

«በአጭሩማ ‹አንተ ነህ› እያለ ሰባት ወር ሙሉ ስንቱ ነገረኝ። አንብቢው።»

ወንበሬን ስቤ አነበብኩላቸው። መርማሪው ካቴናውን ካስቆለፈ በኋላ ወደ መጋዘኑ ብቻውን ይመለሳል። አመዱን በአካፋ ያስጠርጋል፤ ሁለት ጋሪ እንኳ አይሞላም። «ሁለት ሺህ ጣቃ ጨርቅ ከተቃጠለ አመዱ የት አለ?» ይላል። እዚህ ስደርስ ጋሽ ቁልፉ በአፍንጫቸው ሳቅ አሉ። «እኔም ጠይቄ ነበር» አሉ። «በዚሁ ቃል። ማን ሰምቶኝ።» ቀጠልኩ። ጨርቁ ቀደም ብሎ ዘበኛው ባልነበረበት ሌሊት ተጭኖ መውጣቱ፣ ባዶውን መጋዘን ያቃጠለው ራሱ ሥራ አስኪያጁ መሆኑ፣ የዘበኛው እጅ የተቃጠለው በሩን ከፍቶ ውስጥ ያለ የመሰለውን ጨርቅ ሊያድን ሲሞክር መሆኑ ተራ በተራ ይወጣል። ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ወደኔ አዘንብለው፣ አንዳንዴ «እ» እያሉ ይሰማሉ። ሳላስተውለው የካውያው ድምፅ ቆሞ ነበር።

የመጨረሻው ገጽ የመጨረሻ መስመር እንዲህ ይላል፦ «መርማሪው መዝገቡን ዘጋ። ዘበኛው ካቴናው ወልቆለት በዋናው በር ወጣ።» በቃ። ያን ጊዜ በወጣትነቴ ሳነበው ግሩም አጨራረስ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን እኚህ ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ሲሰሙት በጣም አነሰኝ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሳ አፌ ቀጠለ።

«መርማሪው ግን ተከትሎት ወጣ። መንገዱ ላይ ደረሰበትና ባርኔጣውን አወለቀ። ‹ይቅርታ ያድርጉልኝ› አለው። ‹ያለ ጥፋትዎ ነው ያንገላታንዎት። እርስዎ አላቃጠሉም። ይህን ቀድሞ ሊነግርዎት የሚገባ ሰው ነበር፤ ዘገየብዎት።›»

ወረቀቱን አጠፍኩ።

«ይሄ ከመጽሐፉ አይደለም» አሉ ጋሽ ቁልፉ።

«እንዴት አወቁ?»

«ደራሲው እንዲህ ደግ አይደለም። አንቺ ነሽ የጨመርሽው።»

«እኔ ነኝ» አልኩ። ደንግጬ ይቅርታ ልጠይቅ ስል እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። ፊታቸውን ወደ ጓዳው መለሱና ልጃቸውን ጠሯት። መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ጉንጮቿ ርሰዋል።

«እዚህ ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ» አሏት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «እስክታድግ ድረስ የአቃጣዩ ልጅ ስትባል የኖረችው እሷ ናት። ፊቷ ቆሞ አላቃጠለም ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማችም። ድገሚው።»

«ከየት ልጀምር?»

«ከይቅርታው» አሉ። «ቀስ ብለሽ።»

የአባቷን እጅ ይዛ ተቀመጠች። እኔም ከመጨረሻው መስመር በታች ያለውን ባዶ ወረቀት ከፊቴ ዘርግቼ፣ ቀስ ብዬ ጀመርኩ።